መትረየስና ታኮ ጫማ

ጋሼ ጡረታ የወጡ የቴአትር መምህር ናቸው። ሄለን የእህታቸው ልጅ ናት፤ በፊልም ኤዲተርነት ትተዳደራለች። የሚነጋገሩት ቢሊ ዋይልደር እ.ኤ.አ. በ1959 ስለሠራው «ሳም ላይክ ኢት ሆት» ስለተባለው የሆሊዉድ ኮሜዲ ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሄለን፦ ጋሼ፣ ብዙ ሳቅሁ፤ አልዋሽም። ግን ከመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ጀምሮ አንድ ነገር ሲከነክነኝ ቆየ። ሰዎች ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው በመትረየስ ሲረሸኑ ያሳየናል፤ አፍታ ሳይቆይ ደግሞ ሁለት ወንዶች ታኮ ጫማ አድርገው ባቡር ጣቢያ ውስጥ ሲንገዳገዱ አይተን እንድንስቅ ይፈልጋል። ያውም ግድያው ልብ ወለድ አይደለም።

ጋሼ፦ አይደለም። ፌብሩዋሪ 14 ቀን 1929፣ የቫለንታይን ዕለት ጠዋት፣ ቺካጎ ውስጥ ሰሜን ክላርክ ጎዳና ላይ ባለ ጋራዥ ሰባት ሰዎች ተገድለዋል። ከገዳዮቹ ሁለቱ የፖሊስ ልብስ ለብሰው ስለነበር ሟቾቹ የተለመደው ፍተሻ መስሏቸው ግድግዳ ሥር ቆሙ። ሰዎቹ የወሮበሎች አለቃ የነበረው የጆርጅ ሞራን ወገኖች ነበሩ፤ ጣት የተቀሰረው ደግሞ በባላንጣው በአል ካፖን ላይ ነው። ካፖን ያን ቀን ፍሎሪዳ ነበር። በዚያ ግድያ የተፈረደበት ሰው የለም። ዋይልደር ፊልሙን ሲያወጣ ነገሩ ገና ሠላሳ ዓመቱ ነው፤ የሬሳዎቹን ፎቶግራፍ በጋዜጣ ያየ ሰው ሲኒማ ቤት ገብቶ ከጎንሽ ሊቀመጥ ይችል ነበር። «ጎን ዊዝ ዘ ዊንድ»ን ያሠራው ታላቁ ፕሮዲዩሰር ዴቪድ ሰልዝኒክም ደምና ቀልድ አብረው አይሄዱም፣ ይቅርብህ ብሎ መክሮታል።

ሄለን፦ እኔም ብሆን እንደዚያ ነበር የምመክረው። ግድያውን ብናወጣው ምን ይጎድላል? ሥራ ያጡ ሁለት ሙዚቀኞች ሴት መስለው ከሴቶች ባንድ ጋር ይቀላቀላሉ። ይኸው በራሱ ያስቃል።

ጋሼ፦ እንዳልሽው አድርገው የሠሩት አሉ እኮ። ፈረንሳዮች በ1935 «ፋንፋር ዳሙር» ብለው ሠሩት፤ ጀርመኖች በ1951 ደገሙት። እዚያ ሙዚቀኞቹ የሚቸገሩት በእንጀራ ብቻ ነው፤ ወሮበላ የሚባል የለም። ዋይልደርና አብሮት የጻፈው ዳያመንድ ሐሳቡን ከዚያ ወሰዱት። ወዲያው ግን አንድ ጥያቄ መጣባቸው። አንቺ በሥራሽ ትደርሺበታለሽ።

ሄለን፦ ለምን አያወልቁትም?

ጋሼ፦ እሱ ነዋ! ሰው ለቀልድ የለበሰውን በፈለገው ሰዓት ያወልቀዋል። ሌላ ሥራ ሲያገኝ ያወልቀዋል፤ የወደዳት ልጅ ፊት ሲቆም ያወልቀዋል። ተመልካቹም «አውልቀውና ንገራት እንጂ» ማለት ሲጀምር ቀልዱ አለቀለት። ስለዚህ ማውለቅ ማለት መሞት እንዲሆን ማድረግ ነበረባቸው። ሳክስፎን የሚነፋው ጆና ባስ የሚጫወተው ጄሪ እዚያ ጋራዥ የተገኙት መኪና ሊዋሱ ሄደው ነው። ግድያውን አዩ፤ ገዳዩም አያቸው። ከዚያች ደቂቃ በኋላ ቀሚሱ የነፍስ መሸሸጊያ ሆነ። ፊልሙ ውስጥ የሚያስቅሽን ነገር ሁሉ ብትቆጥሪ ሥሩ ያችው ጋራዥ ናት።

ሄለን፦ ምክንያት እንደሚያስፈልግ ገባኝ። ይህን ያህል መጨከን ነበረበት ወይ ነው የኔ ጥያቄ። ያ ቻርሊ የሚባለው፣ ስቴኪኒ ከአፉ የማይለየው ሰውዬ፣ ቆስሎ እየተሳበ ወደ ስልኩ ሲሄድ አለቅየው ስፓትስ ተመልሶ ይጨርሰዋል። ያ አልበቃ ብሎት የሟቹን ስቴኪኒ በጫማው ጫፍ ከአፉ ይመታታል። እኔ ብሆን እዚያ ላይ መቀሴን አነሳ ነበር።

ጋሼ፦ እኔ ደግሞ የፊልሙ ምሰሶ እሷ ናት እላለሁ። ስፓትስን ካሜራው ያስተዋወቀን ከእግሩ ጀምሮ ነው፤ ያ እንከን የማያውቀው ነጭ ገምባሌው። ሰው ገድሎ ስለ ጫማው ንጽሕና የሚጨነቅ ሰው ነው። ያች የእግር ምት ይህ ሰው አይምርም ብላ ትነግረናለች፤ ነግራንም አትደግመውም። ልብ ብለሽ ከሆነ ከዚያ በኋላ ወሮበሎቹ ለአንድ ሰዓት ያህል ከፊልሙ ይጠፋሉ። ባቡር አለ፣ ባሕር ዳርቻ አለ፣ ፍቅር አለ፤ እነሱ የሉም። ያን ሁሉ ጊዜ ግን ፍርሃቱ አልለቀቀንም። ምን ያዘው?

ሄለን፦ ባሱ! እንዴት አላሰብኩትም? ከጋራዡ እግሬ አውጪኝ ብለው ሲሮጡ ጥይቱ ባሱን ይበሳዋል። ባቡር ላይ ቀዳዳዎቹን አይተው ምንድን ናቸው ሲሏቸው ጄሪ ምናልባት አይጥ ይሆናል ይላል። እንስቃለን። ከዚያ በኋላ ግን በየልምምዱ፣ በየዘፈኑ፣ ማሪሊን ሞንሮ ፊት ለፊት እያንጎራጎረች ከኋላዋ ያ የተበሳሳ እንጨት ቆሟል። መጨረሻ ላይ ወሮበሎቹ የሚያውቋቸውም በእነዚያው ቀዳዳዎች ነው። እኔ ብሆን ተመልካቹ እንዳይረሳ ብዬ በየአሥር ደቂቃው ወደ ቺካጎ እየተመለስኩ ስፓትስን አሳይ ነበር። ዋይልደር አንድም ጊዜ አልተመለሰም። ገዳዮቹን መሣሪያው ላይ አሳፍሮ ባንዱ ወደሚሄድበት ፍሎሪዳ ወሰዳቸው።

ጋሼ፦ ይኸውልሽ፣ መቀስሽን አስቀመጥሽ።

ሄለን፦ ገና ነኝ። ይቀጥሉ።

ጋሼ፦ አጀማመሩን አስቢው። የአስከሬን መኪና በሌሊት ቀስ ብሎ ይሄዳል፤ ውስጡ የሬሳ ሣጥን፣ በዙሪያው ፊታቸውን ያጨፈገጉ ሰዎች። ፖሊስ ይተኩሳል፤ ሣጥኑ ይበሳል፤ ከቀዳዳው መጠጥ መንቆርቆር ይጀምራል። ሬሳ መያዝ የነበረበት ዕቃ ውስኪ ተሞልቷል። መጨረሻው አካባቢ ደግሞ የልደት ኬክ ይመጣል፤ ትልቅ፣ በጎማ የሚገፋ። ደስታ መያዝ የነበረበት ኬክ ሲከፈት ባለ መትረየስ ይወጣና ስፓትስን ከነጓደኞቹ ይረፈርፋቸዋል። በሁለቱ መካከል ያለው ነገር ሁሉ እንደዚያው ነው። የቀብር አስፈጻሚው ድርጅት ጓዳው መጠጥ ቤት ነው። ፍሎሪዳ የተሰበሰቡት ገዳዮች ራሳቸውን የጣሊያን ኦፔራ ወዳጆች ብለው ሆቴል ይዘዋል። ሹገር የምትባለው የሞንሮ ገጸ ባሕርይ እንኳ ስሟን ከኮቫልቺክ ወደ ኬን የለወጠች ናት። ታዲያ ሁለቱ ሙዚቀኞች ቀሚስ ቢለብሱ ምን ይገርማል? የገቡበት ዓለም ራሱ ጭምብል ያጠለቀ ነው።

ሄለን፦ መጠጡ ለምን በሬሳ ሣጥን እንደሚሄድ የማያውቅ ሰው ግን ግር ይለዋል። የኔ ጓደኞች ቢያዩት መጀመሪያ የሚጠይቁኝ ይህን ነው።

ጋሼ፦ አሜሪካ ከ1920 እስከ 1933 አልኮል ማምረትና መሸጥ በሕገ መንግሥት ማሻሻያ ከልክላ ነበር። ጠጪው ግን አልጠፋም፤ የሚያቀርብለት ሰው ብቻ ተለወጠ። ትናንት የሰፈር ወሮበላ የነበረው ዛሬ የጭነት መኪና፣ መጋዘን፣ ድብቅ መጠጥ ቤትና የተገዛ ፖሊስ ያለው ባለሀብት ሆነ። ድብቅ መጠጥ ቤት ደግሞ ሙዚቃ ይፈልጋል። ጃዝ ተጫዋቹ እንጀራውን ከእነዚያ ሰዎች እጅ ይበላ ነበር። ይህን ነገር ፊልሙ ሳይሰብክ ያስቀምጠዋል። ጆና ጄሪ የሚጫወቱት የስፓትስ ቤት ውስጥ ነው። ደሞዛቸው የሚመጣው ከገዳያቸው ኪስ ነው። ቤቱ በፖሊስ ሲዘጋ ሥራ አጡ፤ ካፖርታቸውን አስይዘው በውሻ ውድድር ላይ ቁማር ተጫወቱ፤ ተበሉ። በቺካጎ ክረምት ያለ ካፖርት! ጋራዡ ውስጥ ያገኛቸው ክፉ ዕድል አይደለም፣ ድህነታቸው ነው። አንድ ሌሊት የሚሠሩበት የዳንስ ዝግጅት ላይ ለመድረስ መኪና መለመን ነበረባቸው።

ሄለን፦ እውነት ነው። ሳቁ ከማጣት ላይ ስለሚነሳ ይሆናል ያልራቀኝ። ሥራ ፍለጋ ከአንዱ ወኪል ቢሮ ወደ ሌላው በር እየከፈቱ የሚሄዱበት ትዕይንት የዛሬ ሊሆን ይችላል። ግን አንድ ነገር ልጠይቅዎ፤ አስቀድመው ሳንቲሙን እዪ ብለውኝ ነበር። ምን ነበረበት?

ጋሼ፦ ስፓትስን የሚጫወተው ጆርጅ ራፍት በ1932 «ስካርፌስ» ላይ ሳንቲም ወደ ላይ እየወረወረ የሚቀልብ ወሮበላ ሆኖ ነው ስሙ የገነነው። እዚህ ደግሞ አንድ ጎረምሳ ፊቱ ቆሞ ሳንቲም ሲወረውር ያይና ይህን ርካሽ ነገር ከየት ተማርከው ብሎ ይቆጣል። ጎረምሳውን የሚጫወተው በ1931 «ሊትል ሲዘር» ላይ ወሮበላውን የተጫወተው የኤድዋርድ ጂ ሮቢንሰን ልጅ ነው። ከኬኩ የሚወጣውም እሱ ነው። የአለቆቹ አለቃ ሊትል ቦናፓርት ይባላል፤ ስሙ ራሱ ወደዚያ ፊልም ይወስድሻል። ስፓትስ ደግሞ አንድ ቦታ ግሬፕፍሩት የሚባለውን ትልቅ ብርቱካን መሰል ፍሬ አንስቶ የሎሌው ፊት ላይ ሊለጥፍ ይቃጣዋል፤ ያ ከጄምስ ካግኒ «ዘ ፐብሊክ ኢነሚ» የመጣ ነው። ለ1959 ተመልካች እነዚህ ሁሉ በልጅነቱ ያያቸው ፊልሞች ነበሩ።

ሄለን፦ እኔ ግን አንዱንም አላየሁም፤ ሳቄም አልጎደለም። ስለዚህ ዕድሜውን ያረዘመው እሱ አይደለም።

ጋሼ፦ አይደለም፣ ልክ ነሽ። ለሚያውቅ ተጨማሪ ደስታ ነው እንጂ። ለራፍት ግን ጠቅሞታል። እሱ ኮሜዲ ውስጥ እንዳለ ሰው አይጫወትም። ከሠላሳዎቹ ፊልም ተነስቶ የመጣ ይመስል ፊቱን አይፈታም። አጠገቡ ያለው ሁሉ የሚያስቀው እሱ ስለማይስቅ ነው። ከመድረክ ጀርባ ደግሞ ሰውየው ከጥንት ጎበዝ ዳንሰኛ ነበር፤ ጄሪን የሚጫወተው ጃክ ሌመንና ጄሪን የሚያፈቅረውን ባለጸጋ ኦስጉድን የሚጫወተው ጆ ኢ ብራውን ታንጎ ሲደንሱ ያየሽውን ትዕይንት ያለማመዳቸው እሱ ነው።

ሄለን፦ ጄሪ ጽጌረዳ በጥርሱ ነክሶ የሚደንስበትን? በእግዚአብሔር! ከዚያ ቀጥሎ ያለውን ግን እኔ ልንገርዎ፤ እሱ የኔ መስክ ነው። ጆ ሊነጋጋ ሲል በመስኮት ይገባል። ጄሪ ገና ከቀሚሱ አልወጣም፤ አልጋ ላይ ተጋድሞ ሁለት ማራካ ይዟል፤ ያን የሚንሿሿውን ቅል። ታጨሁ ይላል። ማን ናት ዕድለኛዋ ሲባል እኔ ነኝ ይላል። አንድ ዓረፍተ ነገር በተናገረ ቁጥር ማራካውን ያንሿሿል፤ ያንጎራጉራል፤ ከዚያ ሌላ ዓረፍተ ነገር። መጀመሪያ ያየሁት ቀን የተዋናዩ ጨዋታ መስሎኝ ነበር። ሁለተኛ ሳየው ገባኝ። ቅሉ የሚንሿሿው ተመልካቹ ስቆ እስኪጨርስ ነው!

ጋሼ፦ ዋይልደር ለዚያው ብሎ ነው ያስያዘው። ያለ ማራካ ቢሆን የመጀመሪያው ሳቅ ሁለተኛውን ቀልድ ይውጠው ነበር።

ሄለን፦ ይህ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ የማያውቅ ሰው ያልፈዋል። ቴአትር ላይ ተዋናዩ አዳራሹን ይሰማል፤ ሳቁ ሲበርድ ይቀጥላል። እኛ ባዶ ክፍል ውስጥ ተቀምጠን ነው የምንቆርጠው። ሰው የት እንደሚስቅ፣ ለስንት ሰከንድ እንደሚስቅ አናውቅም። ብዙ ክፍተት ከተዉ፣ የማይስቅ ሰው ሲያይ ተዋናዩ ደንዝዞ የቆመ ይመስላል። ትንሽ ከተዉ፣ የሚቀጥለው ንግግር ይጠፋል። እሱ ክፍተቱን በሙዚቃ ሞላው። አዳራሽ ሙሉ ሰው ሲያየው ሳቁን ይጠብቃል፤ እኔ ብቻዬን በኮምፒውተር ሳየው ደግሞ ቅሉ ራሱ ጨዋታ ሆኖ ያዝናናኛል፤ ክፍተት መኖሩንም አላውቅም። ይህን ትዕይንት የፊልም ሥራ የጀመሩ ልጆች ሁሉ ቁጭ ብለው ሊያጠኑት ይገባል።

ጋሼ፦ በዚያ ላይ የሚነገረውን ስሚ። ጄሪ ወንድ መሆኑን ረስቷል። ጆ ወንድ ነህ፣ ወንድ ነኝ በል እያለ እንደ ሕፃን ያስደግመዋል። ለማምለጥ የለበሰው ልብስ ውስጥ ደስታ አገኘ። ይህ በ1959 ቀላል ድፍረት አልነበረም። ሆሊዉድ ከ1934 ጀምሮ በጥብቅ የሚያስከብረው የራሱ የሥነ ምግባር ደንብ ነበረው፤ ፊልም ያለ እሱ ማኅተም መውጣት የለበትም ይባል ነበር። ይህ ፊልም ያለ ማኅተም ወጣ፤ ሕዝቡም ጎረፈለት። ያን ደንብ ካዳከሙት ፊልሞች አንዱ ሆነ።

ሄለን፦ ቀለም የሌለውም ለዚያ ነው? ማለቴ ለድፍረቱ ሽፋን?

ጋሼ፦ ለሜካፑ ነው። በቀለም ሲሞክሩት ጆን የሚጫወተው ቶኒ ከርቲስና ሌመን ፊታቸው ላይ የተቀቡት ወደ አረንጓዴ እያደላ አስቸገረ። ሞንሮ ቀለም ፈልጋ ነበር፤ በኋላ ተስማማች። ጥቁርና ነጩ ግን ሌላም ነገር ጠቀመ። ጋራዡንም የባሕሩን ዳርቻም በአንድ ዓይነት ብርሃን አዋሐዳቸው። የድሮ የጋንግስተር ፊልም ውስጥ ገብተሽ ሳለ ሰዎቹ በድንገት መዝፈን የጀመሩ ይመስልሻል።

ሄለን፦ ሞንሮን ካነሱ አይቀር፣ ስለ እሷ የሰማሁት ሁሉ ክፉ ነው። ታረፍዳለች፣ የምትናገረውን ትረሳለች፣ አንዲት አጭር ዓረፍተ ነገር ብዙ ጊዜ ታስደግማለች ይባላል። እኔ የተቆረጠውን ነው የማውቀው፤ በተቆረጠው ላይ ግን ይህ ሁሉ አይታይም። ሁለቱ ወንዶች ጭምብል አጥልቀው ይሯሯጣሉ፤ እሷ ብቻ የምትናገረውን ሁሉ ከልቧ ትናገራለች። ባቡሩ ላይ ስለ ሳክስፎን ተጫዋቾች ጆሴፊን ነኝ ላላት ለጆ ስታወራ፣ ሁልጊዜ እንደሚያታልሏት፣ ሁልጊዜም እንደምትወዳቸው ስትናገር፣ ፊቷ ላይ የሚያስቅም የሚያሳዝንም ነገር እኩል አለ።

ጋሼ፦ ዋይልደርም በመጨረሻ ያለው እንደዚያ ነው። ሰዓት አክባሪ የሆነች አክስት ቪየና አለችኝ፤ ግን እሷን ለማየት ማን ገንዘብ ይከፍላል አለ። ልጅቷ በዚያ ወቅት ነፍሰ ጡር ነበረች፤ ቀረጻው ካለቀ በኋላ ጽንሱ ወረደባት። በ1962 ሞተች። ይህን እያወቅሽ ፍቅር በቃኝ የሚለውን ዘፈን ስትዘፍን ስታዪያት ከበድ ይልሻል።

ሄለን፦ ጋሼ፣ ወደ መጀመሪያው ጥያቄዬ ልመለስ። ደምና ቀልድ። ዋይልደር ሞትን ቀልድ ማድረግ የቀለለው ሞት ርቆት ስለነበር አይመስልዎትም?

ጋሼ፦ ተቃራኒውን ነው የማምነው። ዋይልደር በ1906 ያኔ የኦስትሮ ሀንጋሪ በነበረችው፣ ዛሬ ፖላንድ ውስጥ ባለችው በሱቻ የተወለደ አይሁዳዊ ነው። ቪየናና በርሊን በጋዜጠኝነት ሠራ፤ በርሊን እያለ ሲቸግረው ሆቴል ውስጥ ሴቶችን እየተከፈለው ያስደንስ ነበር። ሂትለር በ1933 ሥልጣን ሲይዝ ወደ ፓሪስ ሸሸ፤ በማግስቱ ዓመት አሜሪካ ገባ። እናቱ ወደ ኋላ ቀርታ ናዚዎች ገደሏት። ጦርነቱ ሲያልቅ ደግሞ የአሜሪካ ሠራዊት ጀርመን ላከው። ምን ሠራ መሰለሽ? ከናዚ የሞት ካምፖች የተቀረጸውን ፊልም ቆርጦ በማዘጋጀቱ ሥራ ላይ ተሳተፈ፤ «ዴዝ ሚልስ» የሚባለውን። አንቺ የምትሠሪውን ሥራ ነው። ያን ምስል እየደጋገመ ያየ ዓይን ነው የጋራዡን ግድያ የቀረጸው።

ሄለን፦ ይህን አላውቅም ነበር። እንዲህ ያለ ምስል ሲቆርጡ መዋል ምን እንደሚያደርግ ትንሽ አውቃለሁ፤ ዜና ላይ ሠርቻለሁና። ምስሉ ከዓይንዎ አይወጣም። ግን ጋሼ፣ ይጠንቀቁ። የሰውየውን ሕይወት በሙሉ አንድ ኮሜዲ ላይ መጫን ይቻላል ወይ?

ጋሼ፦ ጆና ጄሪ የናዚ ስደተኞች ናቸው አልልሽም። የምልሽ ይህን ነው፤ ስም መቀየር፣ ልብስ መቀየር፣ በተገኘው ባቡር መሳፈር፣ የማያውቁት ሰው መሐል ገብቶ ሌላ ሰው መምሰል ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ጽፎታል። አብሮት የጻፈው ዳያመንድም ሩማንያ ተወልዶ በልጅነቱ አሜሪካ የገባ ነው። ለእነዚህ ሰዎች መደበቅ የቴአትር ብልሃት ብቻ አልነበረም። ቀልዱ ላይ ያለውን ጥድፊያ፣ ያን ትንፋሽ የሚያሳጥር ፍጥነት፣ ከምቾት የተነሳ ሰው የሚጽፈው አይመስለኝም።

ሄለን፦ ይህን እቀበላለሁ። ጆን ግን አልቀበለውም። ሹገር ጓደኛዬ ናት ብላ ለጆሴፊን ልቧን ዘክዝካ ነገረቻት። እሱ የሰማውን ይዞ ሄደና የምትመኘውን ሀብታም ሆኖ መጣ፤ መነጽሩ፣ የመርከበኛ ቆቡ፣ ከኬሪ ግራንት የተዋሰው ድምፅ። የሴት ምስጢር ሰርቆ ሴቷን ማጥመድ ነው። ተመልካቹ ለምን እንደሚወደው አይገባኝም።

ጋሼ፦ እስከዚያ ድረስ አትውደጂው፤ ዋይልደርም አያስገድድሽም። ወሮበሎቹ ሲደርሱ ግን የሚሆነውን እዪ። ማምለጥ አለባቸው። ጆ እንደ ባለጸጋው ሆኖ ስልክ ይደውልና ይሰናበታታል፤ ኦስጉድ ለጄሪ የሰጠውንም የአልማዝ አምባር አበባ ያለበት ሣጥን ውስጥ ከትቶ በኮሪደሩ ወለል ላይ ወደ እሷ በር ይገፋዋል። ጄሪ ንብረቱ ሲሄድ እያየ ይንጫጫል። ካላቸው ነገር ሁሉ ዋጋ ያለው እሱ ብቻ ነበር።

ሄለን፦ የሌላ ሰው አምባር ነው የሰጣት።

ጋሼ፦ የሌላ ሰው ነው፣ ልክ። የራሱን የሰጠው በኋላ ነው። ስፓትስ ሞቷል፤ ጆና ጄሪ የስፓትስን መገደል ስላዩ ደግሞ የቦናፓርት ሰዎች እያሳደዷቸው ነው። በር ሁሉ ተይዟል። ጆ ቀሚስ ለብሶ፣ ዊግ አጥልቆ ሊያመልጥ ሲል ሹገር ስትዘፍን ይሰማታል። ወደ መድረኩ ይወጣል። እያለቀሰች ነው። ሰው ሁሉ እያየ ይስማትና ማንም ወንድ ለዚህ አይበቃም ይላታል። እሷ ያኔ አወቀችው፤ ገዳዮቹም ያኔ አወቁት። አየሽ፣ እውነቱን የተናገረባት ደቂቃና ሞት ያገኘባት ደቂቃ አንድ ናት። ወሮበሎቹን ከፊልሙ አውጥተሽ ይህን ትዕይንት አስቢው፤ አንድ ውሸታም ወንድ ሴት ልጅ ሳመ፣ አለቀ። ወሮበሎቹ ስላሉ ግን መሳሙ ነፍስ ያስከፍላል።

ሄለን፦ እዚህ ላይ ረቱኝ። ጆን ይቅር አልልም፤ ትዕይንቱን ግን አልቆርጥም። ጋራዡንም አልቆርጥም። ጋራዡ ከሌለ መሳሙም የለም።

ጋሼ፦ በዓለም ዙሪያ ያሉ የፊልም ሐያስያንም አልቆረጡትም። የአሜሪካ ፊልም ኢንስቲትዩት በ2000 ከአንድ መቶ የአገሩ ኮሜዲዎች አንደኛ አደረገው። ቢቢሲ በ2017 ከ52 አገሮች የተውጣጡ 253 ሐያስያንን ሲጠይቅም አንደኛ የወጣው ይኸው ነው። ኦስካር ግን ያገኘው ለልብስ ዲዛይን ብቻ ነው፤ ያን ዓመት «ቤን ኸር» 11 ሽልማት ጠራርጎ ወሰደ። ሌመን ሽልማቱን አለማግኘቱ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ሄለን፦ የመጨረሻዋን ንግግር ሳንነካ ልንሄድ ነው? ጀልባው ላይ ያለችውን?

ጋሼ፦ ዳያመንድ ነው ያቀረባት። ለጊዜው ትቀመጥ፣ የተሻለ ስናገኝ እንለውጣታለን ተባብለው ጻፏት፤ የተሻለ ሳያገኙ ቀረጻው ደረሰ።

ሄለን፦ ይገርማል። ጄሪ ላገባህ አልችልም ብሎ ምክንያት ይደረድራል፤ የጸጉሬ ቀለም የተፈጥሮ አይደለም፣ አጨሳለሁ፣ ከሳክስፎን ተጫዋች ጋር ኖሬያለሁ፣ ልጅ መውለድ አልችልም። ኦስጉድ ሁሉንም ይቅር ይላል። በመጨረሻ ዊጉን ይገነጥልና ወንድ ነኝ እኮ ይላል። ኦስጉድ ፈገግታው ሳይጠፋ፣ እንከን የሌለበት ሰው የለም ብሎ ይነዳል። እኔ የታየኝን ልንገርዎ? ፊልሙ ውስጥ ሰው ሁሉ ተደብቋል ብለዋል። ኦስጉድ ብቻ አይደበቅም። የሚፈልገውን ከመጀመሪያው ቀን ተናግሯል፤ አልቀየረም።

ጋሼ፦ ስንት ሚስት ያገባና የፈታ ሽማግሌ መሆኑንም አትርሺ።

ሄለን፦ አልረሳሁም። ሀብታም ስለሆነ ነው የማይፈራው ብሎ የሚከራከር ሰው ቢመጣም እሰማዋለሁ። ግን ሁለት ሰዓት ሙሉ፣ ወንድ መሆናቸው ከታወቀ ይሞታሉ ተብሎ ተነግሮናል። ጋራዡም፣ ቀዳዳዎቹም፣ ኬኩም ይህን ነው የነገሩን። ጄሪ ያን የሚገድለውን ቃል በራሱ አፍ ጮክ ብሎ ተናገረው፤ ምንም አልሆነም። ሌመን የሚያደርገውን ያጣው ለዚያ ይመስለኛል። መትረየስ ለሚይዝ ሰው ዝግጁ ነበር፤ ለኦስጉድ ግን አልተዘጋጀም።